ይበል የተባለለት ስብከት

ከአዲስ አበባው መንፈሳዊ ኮሌጅ ለአፓረንት፣ ለሥራ ልምምድ ማለት ነው፣ የተላከልኝ ደቀ መዝሙር ቢቸና ሲደርስ እኔ ራሴ እረፍት አጥቼ ነበር። ተማሪ ማሳደር ለቤቴ አዲስ አይደለም። በየዓመቱ አንድ ይመጣል፣ ከእኛ ጋር ይበላል፣ ከኋላዬ እየተከተለ ቅዳሴውንም ለቅሶውንም ያያል፣ ይሄዳል። የዘንድሮው ግን ሁለት ወንድማማቾችን ላስታርቅ ደፋ ቀና በምልበት ሰሞን ነው የመጣው።

ታላቅየው የንስሐ ልጄ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርስ ገበሬ። አባታቸው ሲሞት ሞፈሩን እሱ ያዘና ታናሹን ትምህርት ቤት ሰደደ። ታናሹ ተማረ፣ ሞጣ ቢሮ ገባ። ከዚያ ሚስት ሊያገባ ሲነሳ ለልጅቷ አባት የላካቸው ሽማግሎች በሙሉ የቢሮ ባልደረቦቹ ሆኑ። ታላቅ ወንድሙን ተወው። አፍሮበት ነው አሉ። ታላቅየው ይህን ከሰማ ወዲህ የወንድሙን ስም አይጠራም፤ «ያ ሰው» ነው የሚለው። በጾም ብለምነው፣ በፍስክ ብለምነው ወይ ፍንክች! በስንት መከራ «ይሁን፣ ይምጣ» አለኝና ከሁለት ሳምንት በኋላ ላለው ሰንበት ቀጠርን። እስከዚያ ሐሳቡን ይቀይር ይሆን እያልኩ ከጓሮ ደጅ፣ ከደጅ ጓሮ እላለሁ።

«ኧረ እስኪ አረፍ ይበሉ! የተጣሉት እርስዎ መሰሉ እኮ» ትለኛለች ባለቤቴ።

ከኮሌጅ የመጣው ልጅ ትሑት ነው፣ አይካድም። ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ያልኩትን ሁሉ «እሺ አባታችን» ይልና ዝም። እኔ ስንቆራጠጥ እሱ ቁጭ ብሎ ያነባል። ያናድደኛል! ስብከት የሚጀምርበት ቀን ሲደርስ «ስለ ይቅርታ አስተምር» አልኩት። ስለ ወንድማማቾቹ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ የንስሐ ልጅ ገመና ነው።

ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ተነሣ። ጌታው ምሮት ሳለ ባልንጀራውን አልምርም ስላለው አገልጋይ ነበር የሚያስተምረው። ደህና ሄደለት። ማሳረጊያው ላይ ድምፁን ከፍ አደረገና «ያልተማረ ሰው አይምርም!» አለ።

እሱ ማለቱ ምሕረት ያላገኘ ሰው ለሌላው ምሕረት አያደርግም ነው። ሌላ አገር ቢሆን ይኸው ነው፣ ተሰምቶ ያልፋል። እዚህ ግን ግማሹ ምእመን ቅኔ ቤት ያደረ ነው፤ ያላደረውም ጆሮው ስል ነው። ሰባኪ ወርቅ ሳይደብቅ ይናገራል ብሎ የሚያምን የለም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጨካኝ ነው፣ ምሕረት አያውቅም፣ ብለው ሰሙት። ይባስ ብሎ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው «ይበል!» አሉ። አለቀ! እሳቸው ይበል ካሉ ቅኔ ነው። ከወንድሙ መጣላቱን የማያውቅ የለም፤ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ታላቅየውን አየው። ጋቢውን ሰበሰበና ወጣ።

ደሜ ፈላ። ልጁን ጎትቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ ወሰድኩት።

«ምን ነካህ አንተ ልጅ?»

«ምን አጠፋሁ አባታችን?»

ሰው እንዴት እንደሰማው ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ እኮ ቅኔ አልችልም» አለኝ።

«እሱማ ነው ጉዱ! ብትችል ኖሮ ትጠነቀቅ ነበር!»

ከሰዓት በኋላ ታላቅየው ቤት ሄድኩ። ይግቡ ሳይለኝ በር ላይ ቆመ። «አባ፣ አልምርም ማለቴን ለልጁ የነገሩት እርስዎ ነዎት» አለኝ።

«በያዝኩት መስቀል፣ አንዲት ቃል አልወጣኝም!»

«እንግዲህ ልጁ ከየት አመጣው? ቀጠሮው ይቅር። ለማን ብዬ ሳልማር እንደቀረሁ ያ ሰው ያውቀዋል።»

የንስሐ ልጅን ምስጢር አወጣህ መባል ለካህን ሞት ነው። ያን ሰሞን ልጁን ባየሁት ቁጥር ልጮህበት ይቃጣኛል፤ እሱ ደግሞ ዓይኔን ሲያይ ይሸሻል።

ወሬው በስልክ ሞጣ ደርሶ ኖሯል። የማርያም ዕለት ጠዋት ከልጁ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመን ሳለ ታናሽየው በበሩ ሲገባ አየሁት። በመጀመሪያዋ ሚኒባስ ነው የመጣው፤ የደብረ ወርቅ መንገድ አቧራ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር አለ። ስለ ቀጠሮው ሊጠይቀኝ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልፎኝ ሄዶ የልጁን ኮሌታ ያዘ።

«ወንድሜን ያልተማረ ብለህ በሰው ፊት የሰደብከው አንተ ነህ?»

«ይቅርታ፣ እኔ...»

«እኔን ማን ያስተማረኝ ይመስልሃል? በሬ እየጠመደ፣ እሱ በባዶ ሆዱ እየዋለ! በእሱ ያፈረ ሰው—» አለና ቃሉን ዋጠው። እጁ ግን ኮሌታውን አልለቀቀም።

«ልቀቀው» አለ አንድ ድምፅ።

ታላቅየው ነበር። ከዚያ ሰንበት ወዲህ ግቢ አይገባም፤ በር ላይ ተሳልሞ ሊመለስ መጥቶ ሁሉንም ሰምቷል። ታናሹ ኮሌታውን ለቀቀ፣ ቀና ማለት ግን አልቻለም። ታላቅየው ቀረብ አለና አቧራውን፣ የከሳ ፊቱን አየ።

«ቁርስ ሳትበላ ነው የመጣኸው?»

«አልበላሁም፣ ጋሼ» አለ ታናሹ፤ ዕንባው ቀደመው።

«ና በል።» ትከሻውን ያዘው። ከዚያ ወደ ደቀ መዝሙሩ ዞረ፤ «አንተም ና፣ የእግዜር እንግዳ ነህ፣ የነገሩህን ተናገርክ እንጂ ምን ታውቃለህ» አለው። ልጁ ወደ እኔ አየ፤ ሂድ አልኩት በአገጬ።

ሦስቱም በአጠገቤ አለፉ። ታላቅየው እንደ ደንቡ ጎንበስ ብሎ የያዝኩትን መስቀል ተሳለመ። እኔን ግን ቀና ብሎ አላየኝም፤ ይምጡም አላለኝም።