የልባሱ ጠባቂ

የሥራ ባልደረቦቿ «ኩምቢ» ይሏታል። ዝሆን አክላ አይደለም፤ እንዲያውም ነፋስ ሽው ቢልባት የምትወድቅ የምትመስል ቀጭን ሴት ናት። ስሙ የወጣላት ከአፏ በማይጠፋው ላስቲክ ቱቦ ምክንያት ነው። አንዱን ጫፍ በከንፈሯ ትይዛለች፤ ሌላው ጫፍ ላይ ራሷ በእሳት አለስልሳ የሳበችውን፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ቧንቧ ትሰካለች። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ፣ በትንፋሿ እየሳበችና እየለቀቀች፣ የላም እንቁላል ከጠብታ ወደ ጠብታ ታዛውራለች።

እንቁላሉ ያለበትን ዕጢ ከቄራ በፔርሙዝ የሚያመጣው ሹፌሩ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ወሬው የበዛ፣ ጨዋ ሰው።

«እንዴት አደሩ እህቴ? ዛሬ ደግሞ ደህና ደህናውን መርጬ ነው ያመጣሁልዎ!»

ኩምቢ ራሷን ትነቀንቃለች። አፏ ተይዟል፤ ምን ታድርግ?

«ይተዉዋት ባክዎ» ትላለች አጠገቧ የምትሠራው ለፍላፊ ጓደኛዋ። «አንዱ ገብቶ በሩን ዘግቶባት ነው!»

ቀልዱ ከሥራቸው የተቀዳ ነው። እንቁላል ዙሪያውን እንደ ብርጭቆ የጠራ ልባስ አለው። መጀመሪያ ልባሱ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ የወንዴው ዘር ተጣብቆበት፣ ሰርስሮት ያልፋል። አንዱ በገባ ጊዜ ግን እንቁላሉ ከዳር የደረደራቸው ደቃቅ ከረጢቶች ይፈነዳሉ፤ ከውስጣቸው የሚወጣው ፈሳሽ ልባሱን ያጠነክረዋል። የዘገዩት ደጅ ይቀራሉ። የኩምቢ ሥራ ይህንን ጥንካሬ መፈተን ነው፦ እንቁላሉን በሚያሟሟ ፈሳሽ ውስጥ ትጥልና ልባሱ እስኪጠፋ ትጠብቃለች። ዘር ያልገባበት ቶሎ ይሟሟል። የገባበት ችክ ይላል።

«አንዱ» የተባለው ሰውም በእርግጥ ነበር፤ ቀለበት አስርልሻለሁ ብሏት ሌላ ያገባ መምህር። ነገር ግን ኩምቢ ከእሱም በፊት ዝምተኛ ነበረች። አክስቷ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለች ነው ያሳደገቻት። እውነትም ዝንብ አልገባም። ማንም አልገባም። አሁን በምትኖርበት ክፍል የጎረቤት ልጆች ሳቅ በግድግዳው ያልፋል፤ አንዳንዴ ብቻዋን ስታስነጥስ «ይማርሽ» የሚላት ስለሌለ ራሷ ለራሷ ትላለች፤ ድምፅዋም ያስደነግጣታል።

ሹፌሩ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር መሆኑን የሰማች ዕለት ክፍሏ ገብታ መስታወት ፊት ቆመች። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትመልስለት እንዳይሄድ ፈለገች። «ስለ ደግነትዎ አመሰግናለሁ፤ ደህና ይግቡ» አለች ለመስታወቱ። ደገመችው። ለመናገር ያን ያህል ከባድ አልነበረም።

የመጨረሻዋ ጠዋት ደረሰች። ጓደኛዋ ገና አልገባችም። ኮቴው ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ የኩምቢ እጅ ሳታዘው ተንቀሳቀሰ፤ ቱቦው አፏ ገባ።

ሹፌሩ ፔርሙዙን አስቀመጠ። አልሄደም።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ እንዳይቀየሙኝ። በበሩ መስታወት ሁልጊዜ አይዎታለሁ። ቱቦውን የሚጎርሱት ኮቴዬን ሲሰሙ ነው። ዛሬማ ጭራሽ ቧንቧውንም ረስተውታል!»

የቱቦውን ጫፍ አየች። ባዶውን ተንጠልጥሏል። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«ኧረ አይፈሩ» አለ እየሳቀ። «ሰው መሸሸጊያ ያስፈልገዋል። እርስዎ በዚያ፣ እኔ በወሬ።»

ቱቦውን ከአፏ አወጣች። ያጠናችው ዓረፍተ ነገር በነነ። በአፏ የመጣላት ሌላ ነው።

«ይምጡ... ይዩ።»

ሹፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። ለፈተናው ሳይገባ እንዲያድግ የተተወ አንድ ፅንስ ነበር።

«ተሰንጥቋል እኮ! ተበላሸ?»

«ልባሱን ጥሎ እየወጣ ነው።»

«ያ ጠነከረ የምትሉት?»

«እሱ። ባይጠነክር ሌሎችም ይገቡና ያበላሹት ነበር።» ድምፅዋ ሻከረ፤ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጊዜው ሲደርስ ካልተሰነጠቀ ደግሞ ማህፀን ላይ መጣበቅ አይችልም። እዚያው ውስጥ ይቀራል።»

ሹፌሩ ቀና ብሎ አያት። «ምነው ቀደም ብለው ባሳዩኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ታች ወደ አዲሱ ከተማ የሚወስደው መኪና በጡሩምባ ጠራው። ባርኔጣውን አጠለቀ፣ ወጣ። «ደህና ይግቡ!» ያለችው ኮሪደሩ መሃል ሲደርስ ነው። ዞር ሳይል እጁን አነሳ።

በማግስቱ የማታውቀው ኮቴ መጣ። እጇ ወደ ቱቦው ተዘረጋ፤ መለሰችው። በሩ ሲከፈት ቀድማ «እንዴት አደሩ?» አለች።

አዲሱ ሹፌር አቀርቅሮ ፔርሙዙን አስቀመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ምንም ሳይል ወጣ።

ኩምቢ ኮቴው እስኪጠፋ አዳመጠች። ቱቦውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው።