ሰሜን ዳኮታ የጎደለችበት ካርታ

ቨርና ወደ ኋላ አትነዳም። ይህን፣ በቤት መኪና ከግዛት ግዛት የምንዞር ጡረተኞች ሁሉ እናውቀዋለን። ሠላሳ አንድ ጫማ የምትረዝመውን፣ አልጋና ምድጃ ያላትን መኪናዋን ከአዮዋ እስከ ኦሪገን ብቻዋን ትነዳታለች፤ ተራራ ትወጣለች፣ በበረዶ ትወርዳለች። ወደ ኋላ አንዲት ክንድ ያህል ሂጂ ብትላት ግን አትሰማህም። የምታድረው ካዚኖ ግቢ ውስጥ ብቻ የሆነውም ለዚህ ነው።

ካዚኖ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ምቹ ነው። ማቆሚያው ሰፊ ነው፣ አንድ ሌሊት ማደር በነፃ ነው፣ ዘበኛ ይዞራል። ወደ ቤት መኪና ማደሪያ ካምፕ ስትሄድ በሁለት ዛፎች መሃል በምትገኝ ጠባብ ቦታ ወደ ኋላ እየተሽሎከለክህ መግባት አለብህ፤ ካዚኖ ግን ፊት ለፊት ገብተህ ጠዋት ፊት ለፊት ትወጣለህ። ደንቡም ቀላል ነው፤ ዘበኛውን ታስፈቅዳለህ፣ ድንኳን አትዘረጋም፣ ውጭ ሥጋ አትጠብስም፣ ገብተህ ራትህን ትበላለህ፣ ለይሉኝታ ያህል የቁማር ማሽኖቹን ትነካካለህ። ቨርና ሁልጊዜ የምትቀመጠው ለበሩ ከሚቀርበው ማሽን ላይ ነው። የአባልነት ካርዷን በተጠማዘዘ ገመድ ከሸሚዟ ጋር አያይዛ ማሽኑ ውስጥ ስትሰካው፣ የታሰረች ፍየል ትመስያለሽ እያልኩ አበሽቃታለሁ። ፍየሏ የዛሬ ራቷን ችላለች፣ አንተ የራስህን ቻል፣ ትለኛለች።

የበሩ አጠገብ ማሽን የባሏ የሃርላን ቦታ ነበር። መኪናዋን በበሩ መስታወት አሻግሮ ካላያት እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። ሁለቱም አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሠርተዋል፤ እሷ ለልጆቹ ምሳ ስታበስል፣ እሱ የተሰበረውን ሁሉ ሲጠግን። ጡረታ በወጡ ማግስት መኪናዋን ገዙና አሥራ አራት ዓመት አብረው ዞሩ። ያኔ የሚነዳው እሱ ነው። ካምፕ ሲደርሱ ቨርና ትወርድና ከመኪናዋ ኋላ፣ ልክ ወደ ጣሪያዋ በሚያወጣው መሰላል ፊት ቆማ፣ በሁለት እጇ እየጠራች ታስገባዋለች።

ባልና ሚስት መኪና ወደ ኋላ ሲያስገቡ ማየት የካምፕ ትልቁ ቲያትር ነው። ወንበራችንን ይዘን ነው የምንወጣው። ያንተ ግራ ነው የኔ ግራ በሚል ጭቅጭቅ ስንት ትዳር ሲናጋ አይቻለሁ። የእኔና የባለቤቴ የሎይስም ከተናጉት አንዱ ነው። ሃርላንና ቨርና ግን ተጣልተው አያውቁም። እሷ ና፣ ና፣ ና ትላለች፣ እሱ በአንድ ጊዜ ያስገባል። ከወረደም በኋላ ሁልጊዜ የሚላት አንድ ነገር ነው፤ «ያላንቺ ገጭቼው ነበር።» እሷም በኩራት ቀና ትላለች።

ሃርላን ከሞተ በዓመቱ ቨርና ብቻዋን ጉዞ ጀመረች። በመጀመሪያው ካምፕ፣ ከኋላዋ ማንም ሳይቆም ወደ ኋላ ልግባ ስትል የውሃ ቧንቧውን ገንድሳ ጣለችው። ካምፑ በውሃ ተጥለቀለቀ። ከሳቁት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ኋላ የሚወስደውን ማርሽ ነክታው አታውቅም ነበር።

የመኪናዋ በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ የአሜሪካ ካርታ ተለጥፏል። በየግዛቱ ባደሩ ቁጥር የዚያን ግዛት ስቲከር ይለጥፋሉ። እዚህ ላይ የሃርላን ሕግ ጥብቅ ነበር። አልፎ መሄድ አይቆጠርም፣ ምሳ መብላት አይቆጠርም፤ በአራቱም ማዕዘን ያለው ጎማ እዚያ ግዛት አፈር ላይ አድሮ ጠዋት ካልተነሣ ስቲከር የለም። ሁሉም ሰው እንዲህ አይጨነቅም። የእኔዋ ሎይስ ደላዌርን የለጠፈችው መንገድ ተዘጋግቶ ሁለት ሰዓት ስለቆምን ብቻ ነው፤ ይቅር አላልኳትም። በቨርና ካርታ ላይ እርስ በርስ ከተያያዙት አርባ ስምንት ግዛቶች አርባ ሰባቱ ሞልተዋል። የቀረችው ሰሜን ዳኮታ ነበረች። ሃርላን እሷን ለመጨረሻ አስቀምጧት ሳያድርባት ሞተ።

ባለፈው ዓመት የቨርና ጉልበት እምቢ አለ። ልጇ ከርቲስ ብዙ ለመናት፤ እሷም በመጨረሻ መኪናዋ እንድትሸጥ ቃሏን ሰጠች። ገዢዎች ተገኙ፤ መስከረም ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መኪናዋን ሊረከቡ ቀጠሮ ያዙ። ቨርና የሰጠችውን ቃል የምታጥፍ ሰው አይደለችም። ቅዳሜ ዕለት ስልክ ደወለችልኝ።

«ሜርል፣ ሰሜን ዳኮታ ሄጄ አንድ ሌሊት አድሬ ልመለስ ነው። ትመጣላችሁ ወይስ አትመጡም?»

ሎይስ ስልኩን ሳልዘጋው ዕቃ መሸከፍ ጀመረች። በሁለት መኪና ተከታትለን ወጣን። ሐሳባችን ማክሰኞ ድንበሩን ተሻግረን፣ ራቅ ብሎ ወደሚገኝ አንድ ትልቅ ካዚኖ ለመድረስ ነበር። ግን ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ። እኔ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ሬዲዮው ረጃጅም መኪና የያዛችሁ እስከ ነገ ጠዋት ከመንገድ ውጡ ይላል። ድንበሩ ላይ የዳኮታ ነባር ሕዝብ የሚያስተዳድረው ካዚኖ ነበርና እዚያው ታጠፍን። ሕንፃው ደጃፍ ላይ «ወደ ሰሜን ዳኮታ እንኳን ደህና መጡ» ተብሎ ተጽፏል። ቨርና ጽሑፉን አይታ ጥሩምባዋን ሁለት ጊዜ ነፋች። እንደ ልማዷ ፊት ለፊት ገብታ አቆመች።

ራታችንን በላን። ከዚያ ቨርና በበሩ አጠገብ ባለው ማሽን ላይ ተቀምጣ ገመዷን ሰካች። ስቲከሩን ከቦርሳዋ አውጥታ በሩ ላይ ለቆመው ዘበኛ ታሳየው ጀመር። ደልማር ይባላል፤ ሰውነቱ ግዙፍ፣ አነጋገሩ ቀስ ያለ የዚያው አካባቢ ሰው ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማት። ከዚያ ኮፍያውን አነሣ።

«እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ በር ሰሜን ዳኮታ ነው። መኪናዎት የቆመችበት ግን ደቡብ ዳኮታ ነው።»

በመስታወቱ አሻግሮ አሳየን። በሕንፃውና በማቆሚያው መሃል ነጭ ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ድንበሩ እሱ ነው። ደቡብ ዳኮታ ደግሞ በቨርና ካርታ ላይ ከተለጠፈች ስምንት ዓመቷ ነበር።

ቨርና ገመዱን ከሸሚዟ ፈታች። ሎይስ፣ ራታችንን የበላነው ሰሜን ዳኮታ ነው፣ ለጥፊውና ይለፍልሽ፣ ሃርላን የለም፣ ማን ያይሻል አለቻት።

«እኔ አያለሁ» አለች ቨርና።

ከዚያ ደልማርን ትጠይቀው ያዘች። ከድንጋዮቹ ወዲህ መኪና የሚቆምበት ቦታ የለም ወይ? በአካባቢው ያለው ካምፕስ? ካምፑ ወቅቱ ስላለፈ ተዘግቶ በሩ በሰንሰለት ታስሯል አላት። መንገዱን ነፋስ ይዞታል። ነገ ደግሞ ወደ አዮዋ ካልተመለሰች ሐሙስ አትደርስም። ደልማር አገጩን አሻሸ። ከወጥ ቤቱ ጎን፣ በግድግዳውና በቆሻሻ ገንዳዎቹ መካከል፣ ከድንጋዮቹ ጀምራ ወደ ውስጥ የምትዘልቅ፣ የዕቃ መኪና የሚገባባት አንዲት ቦታ አለች፤ አለቃውን ካስፈቀደ እስከ ጠዋት ባዶ ናት።

«ግን ጠባብ ናት፤ ወደ ኋላ ካልሆነ አይገባም» አላት።

ወደ ቨርና ማየት ፈራሁ። ቁልፉን ስጪኝ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም አልኳት።

«አንተ ካስገባሃት ሰሜን ዳኮታ የገባኸው አንተ ነህ። እኔ ምንድን ነኝ፣ ሻንጣ?»

ፀሐይ ገና አልገባችም። ደልማር ፈቃዱን ይዞ መጣ። አብሳዮቹ ሽርጣቸውን እንዳደረጉ ሲጋራ ይዘው ወጡ፤ መኪና ወደ ኋላ የማስገባት ቲያትር ሽታው ከሩቅ ይታወቃል። ሕንፃውና ገንዳዎቹ ነፋሱን ስለከለሉት ቢያንስ ድምፅ ይሰማል። ቨርና ክንዴን ይዛ ከመኪናዋ ኋላ ወሰደችኝና መሰላሉ ፊት አቆመችኝ።

«እዚህ ቁም፤ አትነቃነቅ። ሃርላንን አሥራ አራት ዓመት ያስገባሁት እዚህ ቆሜ ነው። አንድ ቀን ገጭቶ አያውቅም።»

ቆምኩ። እሷ ወጥታ ማርሹን አስገባች፣ መኪናዋ ሁለት ክንድ ያህል ወደ እኔ መጣችና ቀጥ አለች። ቨርና በመስኮቱ ብቅ ብላ የት እንደሄድኩ ጠየቀችኝ። ቦታሽ ላይ ነኝ አልኳት። የለህም አለችኝ። እጄን አወናጨፍኩ፣ ዘለልኩ፤ አብሳዮቹ ሳቁ። ጉልበቷን ይዛ ወረደች፣ መጥታ አየችኝ፣ ተመልሳ ወጣች፣ እንደገና ወረደች። ፊቷ ተለውጦ ነበር። አንተ ሂድና ወንበሬ ላይ ተቀመጥ አለችኝ። እሷ መሰላሉ ፊት ቆመች።

ወጥቼ ተቀመጥኩ። የቀኙን ስፖኪዮ አየሁ፣ የግራውን አየሁ። ግድግዳው አለ። ገንዳው አለ። ቨርና የለችም።

«ታየኛለህ?» ብላ ጮኸች።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሃርላንም ገባኝ። አዎ፣ አይሻለሁ ብዬ እንደ እሱ ልዋሽላት ምላሴ ተነሥቶ ነበር።

«አላይሽም» አልኩ።

ስወርድ አሁንም እዚያው ቆማለች፣ ሁለት እጇ ተዘርግቶ።

«አሥራ አራት ዓመት አይቶኝ አያውቅም ማለት ነው» አለች።

ድምፅሽን ይሰማ ነበር እኮ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። መስኮቱን ዘግቶ ነው የሚነዳው፣ አቧራ አይወድም ነበር አለችኝ። ሎይስ ክንዴን ያዘችና አንተስ እኔን ታየኛለህ ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ያንቺ ድምፅ ዝግ መስኮት አያቆመውም አልኳት። ቨርና አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያቺ ሴት በዚያች ደቂቃ ባሏን ሁለተኛ ጊዜ የቀበረችው መሰለኝ። ከዚያ ግን ተናደደች፤ ንዴቱ ጠቀማት።

«ውሸታም ሽማግሌ» አለች። «ለካ ብቻውን ነው ሲያስገባት የኖረው። እሱ ብቻውን ካስገባት እኔም አስገባታለሁ። ዞር በሉ ሁላችሁም።»

ዞር አልን። ትንሽ ትነዳለች፣ ታቆማለች፣ ትወርዳለች፣ ከኋላ ያለውን በዓይኗ ለክታ ትወጣለች። ያ ጉልበቷ በእያንዳንዱ ደረጃ ሲያማት ከፊቷ ይነበባል። አራት ጊዜ ወረደች፣ አምስት፣ ስድስት። ሰባተኛው ላይ ጠመመችና ሁሉንም ትታ ወደ ፊት አውጥታ እንደ አዲስ ጀመረች። አንድ አብሳይ ገንዳውን ገፋ ላድርግልዎት ቢላት፣ ገንዳው ባለበት ይሁን አለችው። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው የለም፤ ሲጋራቸው እጃቸው ላይ አለቀ። አሥራ አንደኛው ላይ አስገባቻት። በግድግዳውና በመኪናዋ መካከል የእኔ መዳፍ ብቻ ያስገባል።

ደልማር ጎንበስ ብሎ ከነጭ ድንጋዮቹ አቅጣጫ ለካ። ሰውዬው ሐቀኛ ነበር፤ የፊት ጎማዎቹ ገና ደቡብ ናቸው አለ። ቨርና ተመልሳ ወጣችና አራት ጫማ ያህል ጨመረች፤ ከኋላ ካለው አጥር አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

«አሁንስ?»

«አሁን ሙሉ በሙሉ እዚህ ነዎት» አላት ደልማር፤ ኮፍያውንም አነሣ።

ስቲከሩን ያን ዕለት አልለጠፈችም። ሕጉ ተኝቶ መነሣት ነውና። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት በራችንን ደበደበች፤ በሌሊት ልብሳችን ሄድን። ሰሜን ዳኮታን በቦታዋ ለጥፋ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዞራ ተጫነችው። አድሬባታለሁ ሃርላን አለች፤ ከዚያ እንቁላል ልትጠብስልን ተነሣች።

ሐሙስ ጠዋት አዮዋ፣ ግቢዋ ውስጥ፣ ገዢዎቹ መጡ። ገና መጋባታቸው ነው፤ ልጆች ናቸው። ቨርና ካርታውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቃ ከነስቲከሮቹ ከበሩ አላቅቃ ጠቅልላዋለች። ቁልፉን ሰጠቻቸው። ወጣቱ ሳይወስዳት በፊት ወደ ኋላ መንዳት ልሞክር ብሎ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ለነፋሱ ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ሚስቱ እየሳቀች ወደ ኋላ ሮጠች። መሰላሉ ፊት ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች።

እኔና ሎይስ ተያየን። ቨርና ጥቅልል ካርታዋን ለከርቲስ አስያዘችው። እያነከሰች ሄዳ ልጅቷን በክርኗ ያዘቻትና ሁለት እርምጃ ወደ ግራ አወጣቻት።

«እዚህ ቁሚ» አለቻት። «እዚህ ያይሻል።»