በተከለለው ባሕር የተደፋ መድኃኒት

በትንሿ ደሴት፣ በናሳሉ መንደር፣ ነርሷን ኡናይሲን የማያውቅ ሕፃን አልነበረም። የሚያውቋት ግን በመርፌዋ ነበርና ከሩቅ ሲያዩዋት እናታቸው ቀሚስ ሥር ይወሸቁ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ በባሕሩ ዳር ያለችው ባለ ቆርቆሮ ክዳን ጤና ኬላ ቤቷም ቤተሰቧም ሆና ኖራለች።

ለእናቶች የምትሰጠው ምክር ዘወትር አንድ ነው። «ኪኒኑን እኩሌታ ላይ እንዳታቋርጪ! ጀርሙ ትንሽ ትንሽ ከቀመሰ ይለምደዋል። ከለመደው ወዲያ እኔም ሐኪሙም አንችለውም።» የአክስቷ ልጅ ቱሊያ ይህንኑ በኡናይሲ ድምፅ አስመስላ እየደገመች ሴቶቹን ታስቅ ነበር። በዚያ አገር የአክስት ልጅ ያሻውን ቢቀልድ የሚቆጣው የለም።

አለቃው ራቱ ኤሮኒ ያረፉ ጊዜ፣ እንደ ልማዱ፣ ሥራቸውን ባሕር ውስጥ ከተከሉት የማንግሮቭ ዛፎች እስከ ጥቁሩ ድንጋይ ያለው ባሕር ለክብራቸው ተከለለ። እንጨት ተተከለ፤ ጨርቅ ታሰረበት። ሐዘኑ እስኪፈታ ድረስ እዚያ መረብ የሚጥል፣ ዛጎል የሚለቅም ቀርቶ እግሩን የሚነክር እንኳ አይኖርም። በመጨረሻው ቀን ክልሉ ይከፈትና በሰላም የደለበው ዓሣ ለተዝካሩ ይቀርባል።

በዚያው ሰሞን በጤና ኬላው ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በካርቶን ተከምሮ ነበር። የቁስል ኪኒን፣ የስኳር በሽታ ኪኒን፣ የወሊድ መከላከያ። ደንቡ በጀልባ ወደ ዋናው ደሴት ይመለስ ይላል፤ ጀልባው ግን ለቅሶ ደራሽና የሰሌን ምንጣፍ ሲያመላልስ ለካርቶን ቦታ አልነበረውም። ልትቀብረው አሰበች፤ አሳማዎቹ ጭረው ያወጡታል። ልታቃጥለው አሰበች፤ ጭሱ ለቀስተኛውን ያፍናል። በመጨረሻ ማንም የማይደርስበት ባሕር ትዝ አላት። «ከዚያ የሚበላ ሰው የለ፤ እስኪከፈት ደግሞ ባሕሩ ያጥበዋል» አለች ለራሷ። ፕላስቲኩ ዓሣ እንዳይጎዳ ብላ ኪኒኑን ሁሉ ከማሸጊያው እየፈለቀቀች በጆንያ ሞላችው። ከዚያ በማንግሮቮቹ ሥር፣ ውኃው ረግቶ በሚተኛበት ጉድባ፣ ደፋችው። እንዲህ መጠንቀቋንም እንደ ደግ ሥራ ቆጠረችው።

ወራት አለፉ። የክልሉ መክፈቻ ሲቃረብ ሴቶቹ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ምንጣፍ እየሠሩ ወሬያቸው ሁሉ ዓሣ ሆነ።

«የአለቃው ዓሣ እንደ አሳማ ደልቧል አሉ!» አለች አንዷ።

«እኔማ ከአሁኑ ሆዴን እያሰፋሁ ነው» አለች ቱሊያ። «ኡናይሲዬ፣ ቁርጠት ቢይዘኝ አደራሽን! ኪኒንሽን እኩሌታ ላይ አላቋርጥም፤ እምልልሻለሁ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ኡናይሲም ሳቀች፤ የምትሠራው ሰሌን ግን ከጣቷ አመለጠ። እናቶችን ዕድሜ ልኳን የከለከለቻቸውን ነገር እሷ ራሷ ለባሕሩ እንዳደረገችው የገባት ያን ጊዜ ነው። ጀርሙን የማይገድል፣ ግን የሚያለማምድ ትንሽ ትንሽ መድኃኒት አቅምሳዋለች።

ውኃው ሲሸሽ እስከ ክልሉ እንጨት ሄዳ አየች። ባሕሩ ጥርት ያለ ነበር፤ ትንንሽ ዓሦች ተሰብስበው በሥሮቹ መካከል ይሽሎከሎካሉ። ሞቶ የተንሳፈፈ ነገር ብታይ እንኳ በቀለላት ነበር። ምንም የለም፤ የኪኒኑ ቀለም እንኳ አልቀረም። ሟሟ ማለት ግን ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ከማንም ይልቅ እሷ ታውቃለች። በሰው ሆድም ቢሆን መድኃኒት ሥራውን የሚጀምረው ሲሟሟ ነው።

ብትናገር የሟቹን ሐዘን ያረከሰች ተብላ የጤና ኬላውን ቁልፍ ታስረክባለች። ዝም ብትል መንደሩ በሙሉ ከዚያ ይበላል።

መረቡ ሊጣል አንድ ቀን ሲቀረው ከጓሮዋ፣ ተወቅጦ ለመጠጥ የሚበጠበጠውን የካቫ ሥር ነቅላ፣ አጥባና አስራ፣ ወደ ሟቹ አለቃ ታናሽ ወንድም ወደ ኢኖኬ ቤት ሄደች። በልማዱ፣ ወንድም ቢኖራት እሱ ይናገርላት ነበር። ተራ ሰው በሚገባበት በታችኛው በር ገብታ ከደጃፉ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠችና ሥሩን ወደ ፊት ገፋችው። በደል የፈጸመ ሰው የሚገባው እንዲህ ነው፤ ሥሩ ከተነሣለት ይቅር ተብሏል።

«ጋሼ ኢኖኬ፣ ይቅርታ ልለምን ነው የመጣሁ።»

«አንቺ ደግሞ ማንን በደልሽ? መርፌሽ ካልሆነ!» ብለው ሳቁ፤ አብረዋቸው የነበሩት ሽማግሌዎችም ሳቁ።

ነገረቻቸው። ሳቁ ቀጥ አለ።

«በወንድሜ ክልል? እኛ ለእሱ ብለን እግራችንን ሳናስነካ?»

«አዎን።»

«ዓሣው ይገድለናል?»

«የሚገድል አይመስለኝም፤ ግን አላውቅም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የባሕሩ ጀርም መድኃኒቱን ከለመደስ? ነገ የልጅ እግር ዛጎል ሲቆርጠው የምሰጠው ኪኒን አልሠራ ቢለኝስ? ደግሞ መውለድ የሚከለክል ኪኒንም ነበረበት፤ ዓሣውን ምን እንደሚያደርገው እንጃ።»

ኢኖኬ እጃቸውን ዘርግተው ሥሩን አነሡ። ሽማግሌዎቹ በቀስታ አጨበጨቡ።

«እንጨቱ አይነቀልም» አሉ ኢኖኬ። «ከዋናው ደሴት ውኃ መርማሪ እስኪመጣ ክልሉ ይቆያል። ተዝካሩን በቆርቆሮ ዓሣ እናወጣለን፤ ወንድሜ ይታገሠናል። ቁልፉም ካንቺው ጋር ይሁን።»

ኡናይሲ እንባዋ መጣ። ልትነሣ ስትል ግን ኢኖኬ ድንገት ትዝ እንዳላቸው ሰው፣ «ቆይ እስቲ» አሉ፤ «የዱሮውን መድኃኒትስ የት ታደርጊው ነበር?»

በጀልባ መልሼዋለሁ ብትል ማንም አይጠራጠራትም፤ ሥሩም ተነሥቷል። ተመልሳ ተቀመጠች።

«በማለፊያው» አለች። «ጀልባ በሚወጣበት፣ በድንጋዮቹ መካከል። ውኃው ሲሸሽ ይወስደዋል ብዬ። በለቅሶው ሰሞን ጀልባ ስለበዛበት ነው እንጂ፣ ለዓመታት እዚያ ነበር።»

ዓሣው ሁሉ ከጥልቁ ባሕር የሚገባው በዚያ ነው። አሁን ማንም አላጨበጨበም።

«ለዚህኛው ይቅር ባይ እኔ አይደለሁም» አሉ ኢኖኬ በመጨረሻ። «ከማዶ ያሉት መንደሮችም የሚበሉት ከዚያ ነው። ሥር ይዘሽ በየደጃፋቸው ትቀመጫለሽ።»

በተዝካሩ ዕለት ሰው በኡናይሲ አጠገብ ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር። ቱሊያ ብቻ የተከፈተ የቆርቆሮ ዓሣ ይዛ መጥታ ከጎኗ ዘፍ አለች።

«ብዪ! እኩሌታ ላይ እንዳታቋርጪ።»

ኡናይሲ ልትስቅ ሞክራ አቃታት።

«ካቫው ይበቃሻል?» አለች ቱሊያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ያለኝ ለሁለት መንደር ነው። የቀረው ገና ለጋ ነው።»

«ከኔ ጓሮ እንነቅላለን። ነገ ጀልባ ላይ አብሬሽ እወጣለሁ፤ ብቻሽንማ ከሄድሽ አልቅሰሽ በእንባሽ ባሕሩን ትጨምሪብናለሽ።»

በማግሥቱ ጀልባቸው በማለፊያው ሲወጣ ቱሊያ ከማዶ ሰዎች ጋር ስለምትቀልደው ቀልድ ታወራ ነበር። ኡናይሲ ሥሮቹን በጭኗ ላይ አቅፋ፣ ከጎኗ የሚያልፈውን ጥርት ያለ ውኃ እያየች፣ በመጀመሪያው ደጃፍ የምትናገረውን በልቧ ትለማመድ ነበር።