«እኔን» ያስከለከልኩበት ዓመት

አዳማ ውስጥ ጁጂትሱ ማስተማር በጀመርኩበት የመጀመሪያ ቀን ዘጠኝ ተማሪ መጣ። ሰባቱ ካራቴ መስሏቸው ነበርና ጡብ መቼ እንደምንሰብር ጠየቁኝ። ጡብ አንሰብርም፣ መጀመሪያ መውደቅ ነው የምንማረው አልኳቸው። በማግስቱ አራት ብቻ ተመለሱ።

እኔን ያስተማረኝ ለመንገድ ሥራ የመጣ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። ቡናማ ቀበቶ ላይ እንዳደረሰኝ ሥራው አለቀና አገሩ ገባ። ምንጣፍ ስላልነበረን ተጨምቆ የተጣለ ሸንኮራ አገዳ ከወንጂ አስመጥተን ጆንያ ሞላንበትና አነጠፍነው። ለወገብ ጥሩ ነበር። ጉንዳንም ወደደው።

ጉንዳኑን ለመድነው። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። የጁጂትሱ አሠራር ቀላል ነው፤ የያዘህን ሰው ሚዛን ታሳጣዋለህ፣ ትጥለዋለህ፣ ከዚያ ክንዱን ቆልፈህ «በቃኝ» ብሎ ምንጣፉን በእጁ እስኪመታ ትይዘዋለህ። ተማሪዎቼ መጣሉን ቶሎ ለመዱ። ጓደኛቸው ገና መሬት ሳይነካ ግን «እኔን!» ብለው ክንዱን ይለቁና ሊያነሡት ይጎነበሳሉ። የተነሣውም አመስግኖ ይጥላቸዋል።

ሰው ሲደናቀፍ አይቶ «እኔን» የማይል አሳዳጊ የበደለው እንደሚባል አውቃለሁ። የወደቀው ሌባ ቢሆንስ? ቃሉን ከለከልኩ። ለአንድ «እኔን» አሥር ፑሽአፕ። በዚያ ዓመት የሁሉም ደረት ሰፋ።

ወለንጪቲ ሁለተኛውን ቅርንጫፍ ስከፍት ክልከላውም አብሮኝ ሄደ። ከአሥራ አንዱ ተማሪ ጎበዟ ጫልቱ ነበረች። ሻሸመኔ ሥራ አግኝታ ብቻዋን ልትኖር ስለሆነ፣ ራሷን እንድትጠብቅ ብለው ያስመዘገቧት እናቷ አደ ብርቄ ናቸው። አንድ ቅዳሜ አደ ብርቄ ሊያዩ መጡ። ልምምድ ላይ ጓደኛዋ ጣላትና ጫልቱ በጎኗ ዘጭ አለች። አዳራሹ ውስጥ ትንፍሽ ያለ የለም። በኩራት ወደ እናትየው ዞር አልኩ።

የልጃቸውን ጫማ አንሥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ወሬው ተዳርሶ በሳምንቱ ስድስት ተማሪ መምጣት አቆመ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዳራሹ ውስጥ የነበርነው እኔና ጆንያዎቹ ነን።

አደ ብርቄ ቤት ሄድኩ። ስለ ሥነ ሥርዓት ላስረዳ ስጀምር አቋረጡኝ።

«መምህር፣ መውደቅ ልትማር እንደላክኋት አውቃለሁ» አሉ። «ስትወድቅ እኔን የሚላት ከሌለ ግን ሻሸመኔ ሄዳ ትውደቅ። እዚያም የሚያውቃት የለም።»

አፈርኩ። የቀረበልኝን ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሕጉን ቀየርኩ። ጣል፣ ቆልፍ፣ ምንጣፉን እስኪመታ ጠብቅ፣ ከዚያ «እኔን» ብለህ አንሣ። ፑሽአፑ ቅደም ተከተሉን ላዛባ ብቻ ሆነ። ጫልቱ ተመለሰች፤ ሌሎቹም አንድ ሁለት እያሉ ተከተሏት።

ሻሸመኔ በገባች በሁለተኛው ወር መናኸሪያ ውስጥ አንድ ጎረምሳ እጇን ይዞ ወደ ታክሲ ይጎትታት ጀመር። ሰው ቆሞ ያያል። ይህን የነገረችኝ ደውላ ነው። ጣለችው፣ ክንዱን ቆለፈችው። ሰውየው አስፋልቱን መምታቱን ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

«ፖሊስ እስኪደርስ አልለቀቅኩትም» አለችኝ።

«ከዚያስ?»



«ከዚያማ እኔን ብዬ አነሣሁት። ልብሱንም አራገፍኩለት።»

የደረሰው ፖሊስ የት እንደተማረች ጠይቋት ኖሮ በሳምንቱ ደወለልኝ፤ ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት። የሻሸመኔው ቅርንጫፍ የተከፈተው እንዲህ ነው። የቡልቡላውም ተከተለ። አሁን ሁለቱንም የምታስተምረው ጫልቱ ናት።

አዲስ አሠልጣኞች ምክር ሲጠይቁኝ አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ። ተማሪ ከቤቱ ይዞት የመጣውን አታስጥሉት፤ መቼ እንደሚጠቀምበት ብቻ አሳዩት።