ሁለት ጂፒኤስና ሁለት ሽማግሌ

ባለፈው ሐሙስ ረፋዱ ላይ ነው... ሁለት ሽማግሌ ከኋላ፣ ሁለት ጂፒኤስ ከፊት ጭኜ ከወልድያ ወደ ግራና እየነዳሁ ነበር። ሽማግሌዎቹ ይስማማሉ። ጂፒኤሶቹ ግን አይስማሙም።

መኪናውም መሣሪያዎቹም የጓደኛዬ የጀማል ናቸው። አንደኛውን ወንድሙ ከጅዳ ነው የላከለት፤ በወንድ ድምፅ አረብኛ ይናገራል። ሌላውን አዲስ አበባ ገዛው፤ እንግሊዝኛ የምታወራ ሴትዮ አለችበት። «አንተ ጂኦግራፊ ተምረህ የለም? አወዳድርና የሚሻለውን ንገረኝ። የባሰው ያንተ ነው» አለኝ። ከተመረቅኩ ወዲህ በሙያዬ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ነው... ደሞዙም የማይረባው ዕቃ።

የጀማል ጉዳይ ግን ቀልድ አልነበረም። ዘይነብ ለምትባል ልጅ ሽማግሌ እየላከ ነው። እሷ የምትሠራው መርሳ ነው፤ የወላጆቿ ቤት ግን ግራና አካባቢ ገጠር ውስጥ ነው፣ ጀማልም ረግጦት አያውቅም። ሌላ ጠያቂ መጥቶባታል። «ዛሬ ቀትር ላይ ከዙሁር ሶላት በፊት ካልደረሳችሁ አባቴ ለእነዚያ ቃል ይሰጣል» ብላ የቤቱን ሎኬሽን ላከችለት። በእኛ ወግ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ሎኬሽኑን ሁለቱም መሣሪያዎች ላይ አስገባሁና መሪውን ያዝኩ።

«ሰው ጠይቆ መሄድ አይቀልም?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ይህንኑ ብዬ ነበር። ዋናው ተናጋሪ ሸህ ይማም ተቆጡኝ።

«ጋቢ ለብሰን ከዘራ ይዘን የእገሌ ቤት የት ነው ስንል ወሬው ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል። እምቢ ቢሉንስ? አገር ሊስቅበት ነው ልጁ?»

እስከ መርሳ ሁለቱም መሣሪያዎች ጎበዞች ናቸው። መንገዱ አንድ አስፋልት ነው፤ ወዴት ይሳሳቱ! ሴትዮዋ በቀጥታ መንገድ ላይ «ቀጥ በል» ትላለች። ይህንንማ እኔም እችላለሁ። ሰውዬው ደግሞ ከፊቴ ግመል ተገትሮ ቆሜ ሳለ ፍጥነት ቀንስ እያለ ይጮሃል።

አስፋልቱን ለቀን ገጠር መንገድ ስንገባ ውድድሩ ተጀመረ። ስልኬ ኔትወርክ አጣ። ሴትዮዋ ስክሪን ላይ መንገድ የሚባል ነገር ጠፋና መኪናችን ባዶ ሜዳ ላይ ስትንሳፈፍ ታየች። «ተመለስ፣ ተመለስ» ትላለች። ሰውዬው ግን በሙሉ ልቡ «የሚን» አለ።

«ቀኝ ነው ያለው» አሉ ሸህ ይማም ፊታቸው በርቶ። «በቀኝ ይዞህ የሄደ መቼ አጠፋህ? ይቺን ዝም አሰኛትና እሱን ተከተል።»

«ሸህ፣ ቋንቋው እኮ ከመንገዱ ጋር...»

«ንዳ አቦ!» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ ጋሽ ሞላ። «እኔ ክርስቲያኑ ያመንኩትን አንተ ምን ቤት ነህ?»

ሰውዬው ከአንድ ቆርቆሮ ቤት ደጅ አድርሶን «ደርሳችኋል» አለ። የቤቱ ጌታ ወጥተው በክብር አስገቡን። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥምና ሦስታችንም ቆምን። ሸህ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዝምድናዎን ሽተን ነው የመጣን። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን። ጀማል ይባላል፣ ያቺ ውጭ የቆመችው መኪና የራሱ ናት።»

አባትየው በበሩ አሻግረው መኪናዋን ተመለከቱ።

«እሺ። ሰጥቻለሁ።»

እኔ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ሞላ ክንዴን ጨመቁኝና በሹክሹክታ «ዝም በል! በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት አይቼ አላውቅም። ከዘመድ ልምከርበት፣ ሄዳችሁ ተመለሱ ነው ወጉ። ቤት ተሳስተናል» አሉ።

ሳተላይቱ ከሰማይ ያላየውን ስህተት ያገኙት በዚህ ነው።

ከጓዳ አንዲት ልጅ ሳቋን አፍና ብቅ አለች። «አባዬ፣ እነዚህ የዘይነብ ሽማግሌዎች ናቸው። ከወንዙ ማዶ ስትጠብቃቸው ነው ያረፈደችው።»

ለካ ሰውዬው የሚያውቀው መንገድ እዚህ ላይ ስላለቀበት ነው «ደርሳችኋል» ያለን!

አሁን የአባትየውን ነገር አስቡት። ቃል ከአፋቸው ወጥቷል። ፊታቸው ጠቆረ።

«ታዲያ የእኔ ልጅ ምን አነሳት?»

«ኧረ ምንም! ማሻአላህ!» አሉ ሸህ ይማም። ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። «አብሽሩ፣ ይኸው ሌላ ልጅ አለን። ዲግሪ አለው።»

ወላሂ አላማከሩኝም! አባትየው ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ ለኩኝ። ልጅቷም ታየኛለች... አልዋሻችሁም፣ ልቤ ትንሽ ተስፋ አደረገ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«በጂኦግራፊ ተመርቄ...»

«ሥራህን ነው የጠየቅኩህ።»

«ለጊዜው... ጂፒኤስ አወዳድራለሁ።»

ልጅቷ ያፈነችውን ሳቅ ለቀቀችው። አባትየው ወደ ሸህ ይማም ዞሩ።

«ለባለመኪናው ሰጥቼ ነበር። ለዚህኛው ግን ሥራ ሲይዝ ኑ።»

ወንዙን በእግራችን ተሻግረን ዘይነብ ቤት ከዙሁር በፊት ደረስን። የእሷ አባት በወጉ አስቁመው አስለመኑን፤ «ሰኞ ተመለሱ፣ እስከዚያ ለማንም ቃል አልሰጥም» አሉ። ሽማግሌዎቹ እንደ ሰርገኛ ተደሰቱ። ጀማልም ሲሰማ አለቀሰ።

ንጽጽሩን ለምትጠብቁ... ሴትዮዋ ሳታውቅ «ተመለስ» ትላለች፣ ሰውዬው ሳያውቅ «ደርሰሃል» ይላል። ጀማል ሴትዮዋን አስቀረ፤ ሰውዬው እኔ ጋ ነው።

እሱ የትም ብሆን ደርሰሃል ይለኛል፤ የት እንዳልደረስኩ የሚነግረኝ ግን የሴት ልጅ አባት ብቻ ነው።