ሽማግሌ ልኬ ሞተር ፈታሁ

ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጄ ላይ ቆመዋል። እኔ መኪናዬ ስር ተንጋልያለሁ፤ ዘይት ግንባሬ ላይ ይንጠባጠባል።

ዛሬ ከቦንጋ ወደ ደካ ወስጃቸው፣ የምወዳትን ልጅ ከአባቷ ሊጠይቁልኝ ነበር። ቀጠሮው ስድስት ሰዓት ነው።

ትናንት መካኒኩ መኪናው ዘይት የሚያፈስበትን ቦታ አሳይቶኝ ነበር፤ ሞተሩ ፊት ለፊት፣ ኮሎው፣ ማለትም የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው የዘይት ሲል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ አልቋል። "ነገ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ እቀይረዋለሁ፤ እስከዚያ እንዳትነካው" አለኝ።

ነካሁት።

ዛሬ ማለዳ አሮጌውን ሲል በካቻቢቴ ፈንቅዬ አወጣሁት። (ቪዲዮ ላይ ሲታይ እንዴት ይቀላል መሰላችሁ!) አዲሱን ከትቼ ሞተሩን ባስነሳው ዘይቱ ከበፊቱ ብሶ ይፈስ ጀመር።

መካኒኩ መጥቶ ሲሉን አወጣና ኮሎውን በጥፍሩ ዳሰሰ። "ካቻቢቴህ ብረቱን ጭሮታል። በዚህ ጭረት ላይ ምንም አዲስ ሲል ብታስገባ ማፍሰሱን አይተውም።"

መናኸሪያ ሮጥኩ፤ የደካው መኪና ወጥቷል።

ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። "አባዬ በር በሩን እያየ ነው። የት ደረሱ?" ምን ልበላት?

ከሁሉም የገደሉኝ ግን የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ጋሽ ወልዴ ናቸው። ጎንበስ ብለው ጭረቱን አዩና፣ "ልጄ፣ አባቷ የልጁ ጠባይ እንዴት ነው ቢሉኝ፣ ትዕግሥተኛ ነው ልላቸው ነበር እኮ" አሉኝ።

እናንተስ ትንሽ መጠበቅ አቅቷችሁ ምን አበላሽታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ። አሁን እንኳ ለመጠበቅ ጊዜ ሞልቶኛል።