ከመጋረጃው ኋላ የተመለሰ ሰላምታ

ስለ ሰላምታችን ርዝመት የሚያላግጥ ጽሑፍ ጽፌ ነበር። ከመቱ ገበያ እስከማስተምርበት ትምህርት ቤት ያለው መንገድ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ እኔ ግን አንድ ሰዓት እጓዘው ነበር፤ የሚያገኘኝ ሁሉ ከእናቴ ጤንነት ጀምሮ እስከ ዝናቡ ሁኔታ ሳይጠይቀኝ አያሳልፈኝም። ሰላምታ የሥራ ሰዓት ሌባ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጽሑፉን ከእኔ በቀር የወደደው ሰው አልነበረም።

እንግሊዝኛ አስተማሪ ስለነበርኩ ፊንላንድ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር የሚደረገው የፊልም ልውውጥ ለእኔ ተሰጠ። የእነሱ ልጆች ስለ ኑሯቸው የሦስት ደቂቃ ፊልም ይልኩልናል፤ የእኛዎቹም በተላከችልን ትንሽ ካሜራ ቤታቸውን ቀርጸው ይልካሉ። ደንቡ ቀላል ነበር፦ ቤትህን አሳይ፣ ከማን ጋር እንደምትኖር ተናገር፣ ቤተሰብህ ሰላም ይበል። በፈረንጅ አገር የተጻፈ ደንብ ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ የሚደብቀው ነገር የለም ብሎ ይጀምራል።

ጊዜው ግን የመደበቂያ ጊዜ ነበር። ወደ ጎሬ የሚወስደው መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። ኢንተርኔት ይጠፋል። ወጣቶች ከየቤታቸው ይወሰዳሉ፤ ወዴት ብሎ የሚጠይቅም የሚመልስም የለም። ከተማሪዎቼ አንዷ፣ ሰባተኛ ክፍል የነበረች ልጅ፣ ከዩኒቨርሲቲ አቋርጦ የመጣ ታላቅ ወንድም ነበራት። በስሙ ይፈለግ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሱዳን ገብቷል ይል ነበር፤ እኔም አምኜ ነበር። አስተምሬዋለሁ፤ ድምፁ ሻካራ ስለነበር ከሃምሳ ተማሪ መካከል ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ።

የእህቱን ፊልም የመጀመሪያውን ደቂቃ አየሁና መብራት ጠፋ። ጥሩ ናት አልኩ። መብራት ሲመጣ ሁሉንም ፊልሞች በአንድ ሲዲ ገልብጬ፣ ቀሪውን ሳላይ፣ ወደ ውጭ የሚላከውን ሁሉ ለሚፈቅደው የቢሮ ሰው ወስጄ ሰጠሁ። ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በማግስቱ ቀሪውን አየሁ። ልጅቷ ካሜራዋን ይዛ ትገባለች። «አራት ሆነን ነው የምንኖረው» ትላለች በእንግሊዝኛ። ከዚያ ወደ ቤተሰቧ ዞራ በኦሮምኛ፣ «የሩቅ አገር ልጆች አከም ጂርቱ ብለዋችኋል፤ እንዴት ናችሁ ብለዋል» አለች። አባቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ነጋ ዸ» አሉ፤ ደህና ነን ማለታቸው ነው። እናቷም «ነጋ ዸ» አሉ። አያቷም እንዲሁ። ከዚያ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ፣ ሻካራ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፦ «ነጋ ዸ!»

አምስተኛው ሰው፣ ሰላም ሲባል፣ ዝም ማለት አልቻለም።

በዚያው ወደ ቢሮው ሰው ሄድኩ።

«ሲዲው ላይ አንድ የሚታረም ነገር ነበር» አልኩት።

«የትኛው ልጅ ፊልም ነው?» አለ ቀና ብሎ።

ስሟን ብጠራ ያንን ፊልም ብቻ ለይቶ ያየዋል። «ተወው፣ ትንሽ ነገር ናት» አልኩ።

«እኔም አላየሁትም፣ ሥራ በዝቶብኛል። ቅዳሜ ፊልሞቹ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለወላጆች ሲታዩ አብሬ አያለሁ፣ መምህር።»

ልጅቷን ከክፍል አስወጥቼ ነገርኳት። ወደ ቤቷ ሮጠች። ከሰዓት በኋላ እናቷ መጡ፤ ዣንጥላቸውን ሳይዘጉ በራፉ ላይ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ? ጠየቅኩት እኮ! ለነፍስህ ስትል እንኳ ዝም አትልም ወይ አልኩት።»

«ምን አለ?»

«ሰላም ሲሉኝ ጊዜ አመለጠኝ አለ። እንግዳ ሰላም ብሎት ዝም ይበል እንዴ?» አሉና በራሳቸው ንግግር ደንግጠው አፋቸውን ያዙ።

«ከቤት ይውጣ» አልኩ።

«ወዴት? የሁሩሙ መንገድ ላይ ፈታሽ አለ። የጎሬው ላይ አለ። በእግሩ ቢወጣ ጎረቤት ያየዋል።»

ብዙ መጻሕፍት አንብቤ ነበር፤ አንዱም አልጠቀመኝም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የቢሮው ሰው ፊት ወንበር ላይ፣ እኔ ማጫወቻው አጠገብ። ማሽኑን ላበላሸው አስብ ነበር፤ ሽቦው እጄ ውስጥ ነበር። ግን ከተበላሸ ሰኞ ቢሮው ውስጥ ብቻውን፣ በጸጥታ ያየዋል። በመጀመሪያ የፊንላንዶቹ ፊልም ተከፈተ። በረዶ ላይ የቆመች አንዲት ልጅ እጇን አወዛውዛ «ሄሎ!» አለች። አዳራሹ እንዳለ ለሸራው መለሰላት። አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ግማሽ ተነስተው፣ «ደህና ነሽ ወይ ልጄ፣ ብርዱን እንዴት ቻልሽው?» አሏት። ልጆች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በዚያች ሰዓት ነው የገባኝ፦ ይህ አዳራሽ ሰላምታ ሲመልስ ሌላ ድምፅ አይሰማም።

የእሷ ፊልም ሲደርስ ድምፁን በአንድ ጣቴ ትንሽ ቀነስኩ፤ ከዚያ በላይ ድፍረት አልነበረኝም። በሸራው ላይ ልጅቷ «አከም ጂርቱ ብለዋችኋል» አለች። አባቷ መለሱ፤ አዳራሹም መለሰላቸው። እናቷ መለሱ። አያቷ ብቅ ሲሉማ የሚያውቋቸው ሁሉ ተነሱ፤ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ ከኋላ የተቀመጡ ባለ ሱቅ ጉራጌዎች በጉራጊኛ፣ «እማማ እንዴት ነዎት፣ እግርዎ ተሻለዎት ወይ» ሲሉ ጣራው የሚነሳ መሰለ። አምስተኛው ድምፅ የት እንደገባ እኔ ራሴ፣ እየጠበቅኩት፣ አልሰማሁትም። ያላገጥኩበት ነገር አንድን ሰው ሸፈነ።

እናትየው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሰላምታ ሳይመልሱ፣ ሸራውን ያዩ ነበር።

አበቃ ብዬ ነበር። ሲዲው ወደ ፊንላንድ ሄደ፤ እዚያ የሚጮህ አዳራሽ እንደሌለ አላሰብኩም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መልሱ በቢሮው በኩል መጣና የቢሮው ሰው እንድተረጉምለት ጠራኝ። በሩን ዘጋ። አንድ ብጫ ጸጉር ልጅ ወረቀት ይዞ ያነባል፤ ቤታችሁን ወደድን፣ አያትሽ ያምራሉ። ቀጥሎ፣ ቀስ ብሎ፦ አራት ነን ብለሽ ነበር፤ ከመጋረጃው ኋላ የመለሰው ማነው?

«ምን አለ?» አለ የቢሮው ሰው።

«መጋረጃው ያምራል፣ ማን ሠራው ነው የሚለው» አልኩ።

እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አሽከረከረ። «እንግሊዝኛው ረዘም አላለም?»

«እነሱ ነገር ያስረዝማሉ።»

«እኛ እኮ ነን የምናስረዝመው። ሰላምታችን ሌባ ነው ብለህ አልጻፍክም?» አለ። ጽሑፌን ያነበበ ሰው ማግኘቴ ያስፈራኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ፊልሙን ዘጋው። «ይህ ለልጆቹ አይታይም። መጋረጃ ምን ያደርግላቸዋል?» እንግሊዝኛ ያውቅ ይሆን? እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለብዙ ወራት በራችን በተንኳኳ ቁጥር የተረጎምኩትን በልቤ እደግም ነበር፤ ቢጠይቁኝ እንዳልሳሳት።

የልጅቷ ወንድም አልተያዘም። ጊዜው ሲለወጥ ወጣ፤ አሁን ሁሩሙ ውስጥ ማር ይሸጣል፤ ጎልማሳ ሆኗል፣ ወልዷል። በገበያ ቀን ሳልፍ ከመንገዱ ማዶ «አከም ጂርታ!»፣ እንዴት ነህ፣ እለዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የማላሳጥር ሰው ሆኛለሁ። እሱ ግን ቶሎ አይመልስም። መጀመሪያ ወደ ኋላው ዞሮ ያያል፣ ቀጥሎ ወደ ጎን፤ ከዚያ ራሱን ብቻ ዝቅ ያደርግልኛል። ማር ገዢዎቹ ኩራት ይመስላቸዋል። እናቱ አንድ ቀን እዚያው ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብለው አዩትና፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉለት» አሉኝ፤ በእሱ ፈንታም «ነጋ ዸ» ብለው መለሱልኝ።